«ሥጋ ሊያልቅ ነው» ያለው ማን ነበር?

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ኮሮና አሜሪካን ሲያተራምስ፣ ሸማቹ ስለ ሥጋ ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። «ሥጋ ሊያልቅ ነው እንዴ?» እና «ሥጋው በሽታ ያስይዘኝ ይሆን?»። ለሁለተኛው መልሱ ቶሎ ተገኘ። ቫይረሱ በምግብ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ተባለና ሰው ተረጋጋ። የመጀመሪያው ግን ፍርሃት ሆኖ ቀረ፤ ፍርሃቱም ለአንዳንዶች በደንብ ሠርቶላቸዋል። «ሥጋውን የሚቆርጠው ሰውስ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። ከቆራጮቹ መካከል ደግሞ በአማርኛ የሚያወሩ ነበሩበት።

በደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ፣ ስሚዝፊልድ የተባለው ኩባንያ ትልቅ የአሳማ ቄራ አለው። በወቅቱ ወደ 3,700 ሠራተኛ ነበረው። ከአሜሪካ የአሳማ ሥጋ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከዚያ አንድ ግቢ ይወጣ ነበር። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ (ሲዲሲ) ቄራውን አይቶ ባወጣው ሪፖርት፣ በግቢው ውስጥ 40 ያህል ቋንቋ እንደሚነገር ጽፏል። ዋና ዋናዎቹ ተብለው ከተዘረዘሩት አሥሩ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። አሳማ ከኦርቶዶክሱም ከሙስሊሙም ቤት የማይገባበት አገር ልጆች፣ ለሌላው ቁርስ የሚሆነውን አሳማ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆርጡ ነበር ማለት ነው። ቄራው ላልተወሰነ ጊዜ ሊዘጋ መሆኑ የተነገረው ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ዕለቱ ሆሳዕና ነበር፣ ጾሙ ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው። በዚያን ጊዜ ከ200 በላይ ሠራተኞች ተይዘው ነበር።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በዚያው ዕለት ያወጡት መግለጫ ዋና ጭንቀት፣ የመዘጋቱ ውሳኔ የአገሪቱን የሥጋ አቅርቦት ወደ ገደል አፋፍ እየገፋው ነው የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ኩባንያው በሚያዝያ ወር አንድም ቀን ሳይቀር ለሚሠራ 500 ዶላር ጉርሻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ትኩሳት ይዞት ቤቱ የዋለ ሰው ያንን ገንዘብ አጣለሁ ብሎ ሊሰጋ ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበትና አገር ቤት ላሉት የሚልክ ሰው፣ ራስ ምታቱን ዋጥ አድርጎ ቢገባ ማን ይፈርድበታል?

እውነት ለመናገር እጥረቱ ከነጭራሹ ፈጠራ አልነበረም። አንዳንድ መደብሮች ለአንድ ሰው የሚሸጡትን ሥጋ ወስነዋል፤ ሀምበርገር ያጡ የዌንዲስ ምግብ ቤቶችም ነበሩ። የጠፋው ግን እንስሳ አይደለም። በረቱ ሞልቶ ተርፎ፣ ገበሬው አሳማውን የሚያርድለት አጥቶ ገድሎ ይቀብር ነበር። እኛ ዘንድ አንዱ ሰፈር ቅርጫውን ቢተው ሌላው ያርዳል። እዚያ ግን ሥራው በጥቂት ግዙፍ ቄራዎች ተጠቅልሏል፤ ከሚደለበው በሬ 85 በመቶ ያህሉን የሚያርዱት አራት ኩባንያዎች ናቸው። አንድ ቄራ ሲዘጋ በቀን ወደ 20 ሺህ አሳማ መሄጃ ያጣል። አሳማ ደግሞ እስኪከፈት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይወፍርና ለማረጃው መስመር አይሆንም፣ ከኋላው የሚመጣው ግልገልም ቦታ ይፈልጋል። የአቅርቦቱ ሰንሰለት የሳሳው በጠባብ ስለተሠራ ነው፤ ይህን ምርጫ የመረጡት ደግሞ ሠራተኞቹ አልነበሩም።

ሚያዝያ 18 ቀን የታይሰን ኩባንያ ሊቀመንበር በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥተው የምግብ ሰንሰለቱ እየተሰበረ ነው አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቄራዎች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። በ2014 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤቱ የኮሮና ንዑስ ኮሚቴ ሰነዶችን ሲያገላብጥ ያገኘው የትእዛዙ ረቂቅ ሐሳብ ከራሱ ከታይሰን የሕግ ክፍል መውጣቱን ነው። የእጥረቱ ጩኸትም የተጋነነ ነበር ብሏል ኮሚቴው። ያ ሁሉ ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ሥጋው በገፍ ወደ ቻይና ይላክ ነበር። በአምስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 59 ሺህ ሠራተኞች ተይዘዋል፣ 269ኙ ሞተዋል።

ጥፋቱ ታዲያ የማን ተባለ? የስሚዝፊልድ ቃል አቀባይ፣ የአንዳንድ ባህል ሰዎች አኗኗር ከተለመደው የአሜሪካ ቤተሰብ ይለያል ሲሉ ለጋዜጠኛ ተናገሩ። የግዛቷ ገዥ ክሪስቲ ኖም ደግሞ ስርጭቱ 99 በመቶ የሚሆነው ከቄራው ውስጥ ሳይሆን ከሠራተኞቹ ቤት ነው አሉ። ዊስኮንሲን ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ፣ በአንድ አውራጃ የታማሚው ቁጥር የናረው በቄራ ምክንያት እንጂ «ተራው ሕዝብ» ታሞ እንዳልሆነ በችሎት ላይ ተናግረዋል። ቄራ የሚሠራ ሰው ከሕዝብ ተርታ አይቆጠርም ማለት ነው! ለነገሩ ይህ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በሰኔ ወር ጀርመን ውስጥ በቶንየስ ቄራ ከ1,500 በላይ ሰዎች ሲያዙ፣ የግዛቱ መሪ አርሚን ላሼት መጀመሪያ ጣታቸውን የቀሰሩት ከሩማኒያና ከቡልጋሪያ በመጡት ሠራተኞች ላይ ነበር።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጀርመን ሕግ አወጣች። ከአውሮፓውያኑ 2021 መግቢያ ጀምሮ ትልልቅ ቄራዎች ለእርድና ለሥጋ ቆረጣ ሠራተኛ በንዑስ ተቋራጭ ማስመጣት ተከለከሉ፤ ራሳቸው መቅጠር፣ ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው። በሱ ፎልስ ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች ተይዘው አራት ሞተዋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው ነው ብሎ በኩባንያው ላይ የጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነበር። ለ27 ሠራተኛ የሚደርስ የሚያዝያ ጉርሻ እንኳ አይሞላም። ስሚዝፊልድ እሱንም ይግባኝ ብሎበት ከዓመት በላይ ተከራክሮ ነው የከፈለው።