ቤት የማይመታ ራም

ግጥም ስትጠብቁ ስለ ኮምፒውተር ላወጋችሁ ነውና አትቀየሙኝ። ግጥሙም፣ ወጉም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ዛሬ የሚያድረው በዚያው ዕቃ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ባገለገለ ኮምፒውተር ነው። ሲደክምብንም አዲስ ከመግዛት ይልቅ ራም እንጨምርለታለን፤ አለዚያም ሀርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ እንተካለታለን። ይህ ብልኅነት ነው። እኔ የምከራከረው በጥያቄው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ገዢው «ስንት ጂቢ ነው?» ከማለቱ በፊት «ከኔ ኮምፒውተር ጋር ይስማማል ወይ?» ሊል ይገባል፤ ሻጩም መልሱን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ዲማ ጊዮርጊስን ያውቃል። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ልክን ይማራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ምሥጢሩ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ስምንት ቤት ቆጥሮ «ጉባኤ ቃና ነው» የሚል ተማሪ አይመሰገንም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ልክ አለው።

ራምን እንይ። የዴስክቶፕ ዲዲአር 3 እግሮቹ 240 ናቸው፤ የዲዲአር 4 ግን 288 ናቸው። በእግሮቹ መካከል ያለችው ክፍተትም በሁለቱ ላይ ቦታዋ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። የላፕቶፑ ራም ደግሞ ከዴስክቶፑ ያጠረ ነው። ይህ ዓይነቱ አለመስማማት ሐቀኛ ነው፤ በጉልበት ካልገፉት በቀር «አልገባም» ብሎ በግልጽ ይናገራል።

የሚያሳዝነው ገብቶ የማይሠራው ነው። ዲዲአር 3 ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ በ1.5 ቮልት፣ ሌላው በ1.35 ቮልት ይሠራል። መልካቸውና ክፍተታቸው አንድ ነው። ይሁን እንጂ 1.35 ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች አሉና ባለ 1.5ቱ ሲገባባቸው አይነሡም። ኤም 2 የሚባለውም ስስ ኤስ ኤስ ዲ እንደዚሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከውጭ አንድ መስሎ በውስጡ ሁለት ቋንቋ ይናገራል። አንዱ ሳታ ነው፤ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛው ትውልድ ብቻ እስከ 3,500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። አንዱን ብቻ የሚሰማ ማዘርቦርድ ሌላው ሲገባበት እንዳላየ ይሆናል። ሰሙ ገጥሞ ወርቁ የጠፋ ቅኔ ማለት ይህ ነው።

ጭራሽ መጨመርን የማይቀበልም አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገባው ኤክስ ኦ የተባለው የሕፃናት ላፕቶፕ 256 ሜጋባይት ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነበር። የዛሬዎቹ ብዙ ስስ ላፕቶፖችም እንዲሁ ናቸው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተርም 8 ጂቢ ቢጨመርለት ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ ደግሞ «ራም ጨምሬ ወደ 11 እሻገራለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ዊንዶውስ 11 ግን ከራሙ በተጨማሪ ፕሮሰሰሩን ይመርጣል፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። እነዚህን ራም አይተካቸውም።

እኔ የምሠራው በባንክ መስኮት ነው። በቼክ ላይ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ካልተስማማ አንከፍልም፤ ፊርማውንም ሳናመሳክር ብር አንቆጥርም። ደንበኛ ቢቆጣም ሥርዓቱ የሚጠብቀው እሱኑ ነው። ታዲያ የወር ደመወዙን ለራም የሚያወጣ መምህር ለምን ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ይገባዋል?

«ኮምፒውተሩን ይዞ ይምጣ፣ እኛው እንገጥምለታለን» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ለከተማ ሰው እውነት ነው። ከዲማ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለሚገዛ ግን መንገዱ ቀን ይበላል፤ ብሩን ለዘመድ ሰጥቶ የሚያስገዛውም ብዙ ነው። ዕቃው ካልገጠመ የሚጠብቀው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው። ይህን የሚለጥፍ ሱቅ ዕቃው ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሆን በደረሰኙ ላይ መጻፍ ግዴታው ሊሆን ይገባል። የራሙ ትውልድ፣ ቮልቱና የላፕቶፕ ወይም የዴስክቶፕ መሆኑ፣ የኤስ ኤስ ዲው ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ መሆኑ ቢጻፍ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ገዢም ድርሻ አለው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ቢጫን በሚከፈተው መስኮት፣ በሚሞሪ ገጽ ላይ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያያል። የኮምፒውተሩን ሙሉ የሞዴል ስም ይጻፍ፤ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ከአምራቹ መመሪያ ያንብብ። ከቻለ የነባሩን ራም ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ያንሣ። ዘመድ የሚልክም ከብሩ ጋር ያንን ፎቶ ይላክ።

ደግሞም ሀርድ ዲስኩ ከመነካቱ በፊት ጽሑፋችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የማይስማማ ራም የሚያከስረው ብር ነው፤ ያልተገለበጠ ሀርድ ዲስክ ግን የዓመታት ግጥም ይዞ ሊሄድ ይችላል።