«ወንድ ልጅ ይዘገያል»

ባለፈው እሁድ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ እናት ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ‹እማ› እንኳ አላለም። አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበር። ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ግን ሲስተርነቴን ጡረታ አላወጣውም።

«ከኋላው ሆነው ስሙን ሲጠሩት ይዞራል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንጃ፤ ልብ አላልኩም» አሉ።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት በሰው ልጅ ላይ ተሳስቼ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ልጇን ለሳል አመጣችው። ልትወጣ ስትል «ደግሞ አይናገርም» አለችኝ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል። ልጁ ይስቃል፣ ዓይን ዓይኔን ያያል፣ እናቱ በእጇ ስትጠቁመው ይሄዳል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ታገሺ» ብዬ ሸኘኋት። ካርዱን ገልጬ ባነብ ኖሮ በስምንት ወሩ በማጅራት ገትር ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር አይ ነበር። ማጅራት ገትር ጆሮ ሊያደነቁር እንደሚችል ደግሞ ተምሬዋለሁ። እናቲቱ እንዳልኳት ታገሠች። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ሐኪም አየውና እንደማይሰማ ታወቀ።

ልጅ ቋንቋ የሚጀምረው በአፉ ሳይሆን በጆሮው ነው። ገና በማሕፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም ከሌላ ሴት ድምፅ ይለየዋል። በሁለትና በሦስት ወሩ «አጉ» ይላል፤ ከስድስት ወር በኋላ «ባባባ፣ ማማማ» ይመጣል፤ ዓመት ሲሞላው ወይም ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያዋን ቃል ይላል፤ በሁለት ዓመቱ «እማ ነይ»፣ «ኳስ የለም» ብሎ ሁለት ቃል ያጋጥማል። መረዳት ግን ሁልጊዜ ይቀድማል። «ጫማህን አምጣ» ስትሉት የሚያመጣ ልጅ «ጫማ» ማለት ባይችልም ቃሉ ውስጡ ገብቷል። ብቻ ስትናገሩ በእጃችሁ አትጠቁሙት፤ እጃችሁን አይቶ እንዳያታልላችሁ።

እኛን የሚሸውደን የማይሰማ ሕፃንም መጀመሪያ ወራት ላይ «አጉ» ማለቱ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው «ባባባ» በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር ነው። በር ሲወረወር የሚደነግጥ ልጅም ንዝረቱ ተሰምቶት ይሆናል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ልጁ በጨዋታ ተጠምዶ ሳለ ከኋላው ሆናችሁ፣ ወለሉን ሳትረግጡ፣ ጥላችሁን ሳታሳዩ፣ በዝግታ ጥሩት። ደጋግሞ ካልዞረ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ነው። ቢዞርም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጋጠመ ለሐኪም ይታይ፤ በከፊል የሚሰማ ጆሮ አለ፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረና በሕክምና የሚድንም አለ።

«ምላሱ ታስሯል» ብላችሁ ምላጭ ለያዘ ሰው አትስጡት። የታሰረ ምላስ አንዳንድ ድምፅ ያበላሽ ይሆናል እንጂ ልጅን ዲዳ አያደርግም። እንጥል መቁረጥማ ከንግግር ጋር ምንም አያገናኘው፤ ደም ሲፈሳቸውና ሲያመረቅዝባቸው ያየሁ ነኝ። አያት በኦሮምኛ እናት በአማርኛ ማናገራቸውም ልጅ አያዘገይም፤ ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁለቱንም ቁጠሩለት። ስልኩ ግን ያወራል እንጂ አይመልስለትም።

ያን ልጅ ከዓመታት በኋላ ከእናቱ ጋር ገበያ አገኘሁት። ቁመቱ በልጧታል፤ በእጆቻቸው በምልክት ቋንቋ እየተሳሳቁ ያወራሉ። ምልክቱን የጀመረው በሰባት ዓመቱ መሆኑን ነገረችኝ። እስከዚያ በቤቱ ውስጥ ከማንም ጋር አንድ ነገር እንኳ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። እኔን አልወቀሰችኝም፤ የነገርኳትን ግን አልረሳችውም።

የለቅሶ ቤቷ እናት ረቡዕ ማታ ደወሉልኝ። «ሦስቴ ጠራሁት፣ አልዞረም። ማንኪያ በሳህን ስመታ ግን ዞረ።» ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ፤ እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ።