ሞተሯ ይውጣና ቀፎዋ ይሸጥ?

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደሉም። ቦሌ አካባቢ በቅርቡ ቡና ቤት የከፈቱ፣ ለእንግዳ ከመቀመጫቸው የሚነሡ፣ ጨዋ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ሲገቡ በግራ በኩል የሸክላ ማጫወቻ፣ በቀኝ በኩል የእግር ሲንጀር፣ ከባንኮኒው በላይ ደግሞ የድሮዋ ፒያሳ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ማጫወቻው መርፌ የለውም። ሲንጀሩ ላይ አበባ ተተክሎበታል። ዘፈኑ የሚመጣው ኮርኒስ ውስጥ ከተደበቀ ድምፅ ማጉያ ነው። እኔን ያስጠሩኝ ስለ ጃዋዬ ሰምተው ነበር። የጠሩልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን መጽሔት ታነባለች። ዋጋውን ከጠሩ በኋላ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ሞተሩን አውጥተህ ነው የምታመጣልኝ። ዘይቱ ወለሌን ያበላሽብኛል። እኔ የምፈልገው ቀፎውን ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ሳቅ ብዬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሐበሻ አይደለሁ? ፊት ለፊት መናገሩ ስላልሆነልኝ በጽሑፍ እመልስላቸዋለሁ። መልሱ ግን ለእሳቸው ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ውድ አንባቢ። አሮጌ ነገር ወደድን፣ ቅርስ አከበርን እያልን የነገሩን ነፍስ አውጥተን ቆዳውን ግድግዳ ላይ የምንሰቅል ሁሉ ድርሻችንን እንውሰድ። «የምንሰቅል» ያልኩት በስሕተት አይደለም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ እናዘዛለሁ።

ጃዋዋን የገዛኋት ደብረ ዘይት ከአንዲት እናት ነው። (ከተማዋ ቢሾፍቱ ከተባለች ቆይታለች፤ ሻጯ ግን ደብረ ዘይት ነው የሚሏት፣ እኔም ከእሳቸው አፍ እንደሰማሁት ልጻፈው።) ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዶሮ ቤቱ ጎን ቆማ፣ ዶሮዎቹ ማታ ማታ ኮርቻዋ ላይ እየሰፈሩባት ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች። ጃዋ 350 ናት፤ ቼኮዝሎቫኪያ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ማምረት የጀመረችው፣ 354 የሚባለው ዓይነት። ሁለት ሲሊንደር አላት፤ ጉልበቷ 344 ሲ.ሲ. ገደማ ነው፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አደባልቃ ታቃጥላለች። ስትሄድ ሰማያዊ ጭስ የምታስከትል፣ ልጆች «ዶቅዶቄ! ዶቅዶቄ!» እያሉ ይሮጡላት የነበረችው ዓይነት ናት። ቀለሟ ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ቀይ ነበር። የነዳጅ ጋኗ ግራና ቀኝ የነበሩት የጉልበት ላስቲኮች ከወለቁ በኋላ ሟቹ ለዓመታት በባዶው ጉልበታቸው ጭምቅ አድርገው ሲይዟት፣ ቀለሙ በሁለት ትልልቅ ክቦች አልቆ ብረቱ ወጥቶ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ገና ሞተሯን ሳላስከፍት ቀለም ቤት ወሰድኳት። ቀለም ቀቢው በሦስት ቀን ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጣለው። «እንደ አዲስ አደረግሁልህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የከንፈር ቀለም መሰለች። ደስ ብሎኝ ፎቶግራፍ አንሥቼ ለሻጯ ላክሁ። በልጃቸው ስልክ አይተው መልሰው ደወሉልኝ። አላመሰገኑም፣ አልነቀፉም። «የሱ ጉልበት የበላው ቦታ የታለ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ዛሬም መልስ የለኝም።

«እንደ አዲስ» የምትለው ቃል ከከተማችን ትጥፋልኝ። አዲስ የፈለገ አዲስ ይግዛ። ዝገት ይጠረግ፣ የተበላው ላሜራ ይበየድ፣ የተቆረጠ ሽቦ ይቀየር፤ ይህ ጥገና ነው፣ ዕቃዋም ትፈልገዋለች። የተጠቀመባትን ሰው ምልክት መፋቅ ግን ጥገና አይደለም። ደግሞም ቀለም የሚቀድመው ዕቃው እንዲሠራ ስለምንፈልግ አይደለም፤ እንዲታይ ስለምንፈልግ ነው። እኔ ቀለም ቤት ስሮጥና ቡና ቤት ከፋቹ ቀፎ ሲጠይቁ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር።

ከቀለሙ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልነሣ አለችኝ። ካርቡራቶር አስጠረግሁ፤ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ካርቡራቶር ደግሜ አስጠረግሁ። አንዳንዴ ትነሣና ነጭ ጭስ ተፍታ ትጠፋለች። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ ዱከም ወሰድኳት፤ ጋሼ ዘንድ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አልወደዱትም። ሰባን ያለፉ መካኒክ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ጣልያን ጋራዥ ወለል ጠራጊ ሆነው ገብተው፣ እዚያው መፍቻ አቀባይ፣ እዚያው መካኒክ ሆኑ። ኋላ ፒያሳ ጀርባ የራሳቸው ጋራዥ ነበራቸው። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን በሁለት ሣጥን ከትተው ዱከም ልጃቸው ግቢ ገቡ። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ የፒያሳ ፎቶግራፎች ቦሌ ገቡ፣ የፒያሳ መካኒክ ዱከም።

ጋሼ ቀለሙን ዞር ብለውም አላዩት። ካንዴላውን ፈቱ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑ፣ እኔን ማስነሻውን ርገጥ አሉኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «ላይዋ ደህና ነው፤ ከታች ነው የምትተነፍሰው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ዋናው ዘንግ ያለበት የታችኛው ክፍል እንደ ሳንባ ነው። ፒስቶኑ ሲወጣ አየርና ቤንዚን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሲወርድ ደግሞ የሳበውን ጨምቆ ወደ ላይ ይልከዋል። በዘንጉ ጫፎች ላይ አየር እንዳያስገቡ የተቀመጡ የላስቲክ ቀለበቶች አሉ። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም እነዚህ ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ያኔ ሳንባው ተቀደደ ማለት ነው፤ ንጹሕ አየር በጎን ይገባል፣ የማርሹ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ጭሱ ይነጣል። ካርቡራቶሩን በጠበል ቢያጥቡት አይፈወስም። እኔ ለሁለት ወር ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ አውራ ጣት አገኙት። አውራ ጣቱ እንግዲህ የትኛው ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል?

ሞተሩ ተበታትኖ ጆንያ ላይ ሲዘረጋ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ጃዋ የቼክ ልጅ ናት፤ አካሏ ግን ሁሉ የሚጠራው በጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፑንቲና። ጋሼ እነዚህን ቃላት ጣልያንኛ አይሏቸውም፤ «የጋራዥ አማርኛ» ነው የሚሏቸው። ልክ ናቸው። ጣልያኑ ሄዷል፣ ቃሉ ሰማንያ ዓመት በኛ አፍ ኖሮ፣ ተሸራርፎና ተሞርዶ የኛ ሆኗል። ቤቴ ያሉትን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ፑንቲናን አጣኋት። (የካንዴላን እሳት በሰዓቱ የምትቆርጥና የምትቀጥል ትንሽ የብረት ከንፈር ናት፤ ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ጋሼ በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ይለኳታል።) የቋንቋ ሰዎቻችን ለ«ኮምፒዩተር» አማርኛ ፍለጋ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ ይሁን። ነገር ግን ሥራ ላይ ያለ፣ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቋንቋ አጠገባቸው እየሞተ ነው። ለሱ ማን ቀለም አፈሰሰ?

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ነግሬው ሲያበቃ «አገሩ በስንት ጭንቅ ተይዞ አንተ በአሮጌ ብረት ትጫወታለህ» አለኝ። ግማሹን እቀበላለሁ። ቅዳሜዬንና ደሞዜን የምታነሣ ጨዋታ ናት፤ ደሞዝ ለማይቆረጥለት ጸሐፊ ደግሞ ደሞዝ ማለት ምን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልቀበልም። ይህች ከተማ ለስንት አሠርት ዓመታት የተጓዘችው በሰማያዊና ነጭ ላዳ ነው። ላዳዎቹን መንገድ ላይ ያቆያቸው ፋብሪካቸው አይደለም፤ አይገኝም የተባለውን ዕቃ ቶርኖ ቤት አስቀርጸው የሚገጥሙ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲታገድ፣ ያሉት መኪኖች ዕድሜ እንዲረዝም ተፈረደ ማለት ነው። ማን ነው የሚያስረዝመው? በቀፎ ነው?

ስለ ጃዋ ያነበብኩትን አንድ ታሪክ ላክል። ስሟ ያኔቼክ ከተባለው ቼክ ባለፋብሪካና ቫንደረር ከተባለው የጀርመን ሞተር ሳይክል ስም መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1929። ናዚ ጀርመን አገራቸውን በያዘች ጊዜ ፋብሪካው ለወራሪው ጦር እንዲሠራ ታዘዘ። መሐንዲሶቹ ግን በስውር ከጦርነቱ በኋላ የምትወጣ ሞተር ሳይክል ይነድፉና ይሞክሩ ነበር። ባለ 250 ሲ.ሲ.ዋ በ1946 ፓሪስ ላይ ታየች። ማርሽ ሲቀይሩ ፍሪሲዮኑን ራሱ የሚያላቅቀውን ዘዴ የኔዋ የወረሰችው ከዚያች ታላቋ ነው። የኔዋ ማስነሻና ማርሽ መቀየሪያ ደግሞ አንድ ዘንግ ናቸው። ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍቶ ወደ ኋላ ላዞረ ማስነሻ፣ ወደ ፊት ለመለሰ ማርሽ። ጥቁር ዘመን ተሻግሮ የመጣው ቀፎ አልነበረም፤ የሰዎቹ እጅና ጭንቅላት ነበር።

እኔም በዚህ ተነሣሥቼ ደብተር ገዛሁ። ጋሼ የሚሉትን ሁሉ ልጽፍ፣ ለትውልድ ላቆይ! መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሦስት የቡና ስኒ ዘይት አሉኝ፤ ጻፍኩ። ቤቴ ሄጄ ስኒውን ብለካ 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ፋብሪካው የሚያዘው 1 ለ25 ነው፤ ለአምስት ሊትር 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ጋሼና ፋብሪካው የተለያዩት በ10 ሚሊ ሊትር ነበር። ሰንሰለቷ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ አቧራ አይፈራም፣ ግን ቅባት እንዳትረሳ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ማርሚታዋን በየጊዜው ፈትተህ ጥላሸቷን አራግፍ፣ አለዚያ ታፍና ጉልበት ታጣለች አሉኝ፤ ይህንንም ጻፍኩ። ኩሽኔታው መበላቱ በምን እንደሚታወቅ ስጠይቃቸው ግን እስክሪብቶዬን አዩና ሣቁ። «ይኼ በወሬ አይሆንም። ጣትህን አምጣ» አሉኝ። ጣቴን ይዘው ዘንጉ ላይ አስቀመጡት፤ ዘንጉን ቀስ አድርገው አዞሩት። ምንም አልተሰማኝም። ደግመው አዞሩት። ምንም። «ስንት ዓመት ነው የጻፍከው?» አሉኝ። አሥራ ሁለት አልኳቸው። «ታዲያ ቀስ በል፤ የኔ ሃምሳ ዓመት ነው» አሉ።

የሠፈሩ ጎረምሶች በአጥር በኩል ያዩንና ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም። ከጋሼ ጋር የሚውል ልጅ ምሳውን ማን ይችለዋል? አንድ ባለ ቡና ቤት ለግድግዳ ጌጥ የሚያወጣው ገንዘብ ለአንድ ረድ ልጅ የዓመት ምሳ ይበቃል። ለመሆኑ ይህን ሒሳብ ያሰላው አለ?

ቀለበቶቹ ተቀየሩ፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ፣ ጃዋዋ ተነሣች። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሽከረከር ስለተከለከለ፣ እሷ ዱከም ታድራለች፣ እኔ እመላለሳለሁ። ባለፈው ወር ከዱከም ደብረ ዘይት ነዳኋት። ሻጯ ግቢ ሳልደርስ፣ ገና ከመታጠፊያው፣ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በር ላይ ቆመው ነበር። ድምፁን ሰምተው ነው የወጡት። ቀለሙን አላዩትም፤ ወይም አይተው ዝም አሉኝ። «አታጥፋት» አሉኝና ጀበናቸውን ሊጥዱ ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ከሥሯ ዘይት አሁንም ታንጠባጥባለች። ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናየዋለን ብለዋል። ባለ ቡና ቤቱ ዋጋ ጨምረው ደውለውልኝ ነበር፤ ቅዳሜ ዱከም ብቅ ይበሉ፣ የማይሳሱለት ልብስ ይልበሱ ብያቸዋለሁ።