በካቻቢቴ አርማ የምትነቅሉ ሰዎች፣ እባካችሁ እጃችሁን ከመኪናው ላይ አንሱ

ትናንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ በፖሊሽ ይወጣል?»

ፎቶውን አሰፋሁት። ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ናት። የኋላ በሯ ላይ የሻጩ ድርጅት ስም በፕላስቲክ ፊደል ተለጥፎ የነበረበት ቦታ ላይ አራት ጭረት አለ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፣ ጥፍር አይዛቸውም። ሦስተኛው ግራጫውን ፕራይመር አሳይቷል። አራተኛው ላሜራው ጋ ደርሷል። ዙሪያውን ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዞ ጭጋግ የመሰለ ነገር ለብሷል። እሱን ሳየው ማን እንደሠራው አወቅኩ፤ ካርታ ቬትሮ ነው።

«አይወጣም» አልኩት። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

ትንሽ ቆይቶ «እኔ» ብሎ መለሰ።

ደወልኩለት። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የአንዲት እህታችን ናት። ዕቁብ ጥላ፣ ከዘመድ ተበድራ የገዛቻት የመጀመሪያ መኪናዋ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄን የሻጭ ስም አንሱልኝ፣ ማስታወቂያቸውን በነፃ ይዤ አልዞርም።» (እውነቷን ነው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው መኪና ላይ ሳይጠይቁ ስም መለጠፍ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።) የጋራዡ ባለቤት «ችግር የለውም፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አላት። ከዚያ ለልጁ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ካቻቢቴ ሰጠው። ጨርቁ በሁለተኛው ፊደል ላይ ተቀደደ። የቀረውን ሙጫ በቤንዚን አጠበው፣ አልለቅ ሲለው በካርታ ቬትሮ ፈተገው። አሁን ባለቤቱ የኋላውን በር ሙሉ ቀለም ካስቀባ በኋላ ወጪውን ከልጁ ደሞዝ ሊቆርጥ ነው።

እኔ የተናደድኩት በልጁ አይደለም። ይሄን የምጽፈው ለባለቤቱና ለመሰሎቹ ነው። ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። የፋብሪካ ቀለም ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከላሜራው ጀምሮ ያለው ሁሉ፣ የዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሙና ከላይ ያለው ክሊር ተደምሮ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ስለዚህ ያ «ጠንካራ ነው፣ የፋብሪካ ነው» የምትሉት ነገር በሙሉ የሁለት ፀጉር ውፍረት ነው። የሚያብረቀርቀውና ከፀሐይ የሚከላከለው ክሊር ብቻውን ደግሞ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ያንሳል። ከአንድ ፀጉር የቀጠነ ነገር ላይ የብረት ካቻቢቴ እንደ መሎጊያ ታስደግፋለህ፣ ከዚያ «ፖሊሽ ይሸፍነዋል» ትላለህ። ፖሊሽ እኮ ምንም አይሸፍንም። ፖሊሽ ከክሊሩ ላይ ትንሽ ልጦ ሜዳውን ወደ ጭረቱ ጥልቀት የሚያወርድ ነገር ነው። ጭረቱ ከክሊሩ ካለፈ ወዴት ልታወርደው ነው?

ሁለተኛው ክርክር «ሃያ ዓመት በካቻቢቴ ስንነቅል ኖረናል» የሚለው ነው። አዎ፣ ኖራችኋል። በድሮዎቹ መኪኖች፣ ለምሳሌ በነዲኤክስ ላይ፣ ብዙው አርማ ከኋላው እግር ነበረው። እግሩ በላሜራው ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ በክሊፕ ይያዛል፤ ስትነቅለው ከቀዳዳው ይወጣል። የዛሬው አርማና የስም ፊደል ግን በአብዛኛው የተለጠፈ ነው። ከኋላው ሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ቀጭን የስፖንጅ ፕላስተር አለ። ይሄ ፕላስተር ወደ ላይ ሲሳብ ግትር ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። በጎኑ ከመጣህበት ግን ስፖንጅ ነውና ይቆረጣል። ድሮ ሱቅ ውስጥ ረጅሙ ሳሙና በክር ሲቆረጥ ያያችሁ ትረዱኛላችሁ።

ክር ነው መፍትሔው። ክር! መርካቶ ዶቃ የሚሰካበት ጠንካራ ናይሎን ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር። ዋጋው አንድ ቁርስ አይሞላም። ያ ባለ ጋራዥ ለልጁ ያልገዛለት መሣሪያ ይሄ ነው፤ አሁን በሺዎች የሚቆርጥበት።

አሠራሩን እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም «ተሳደበ እንጂ አላስተማረም» እንዳትሉኝ።

ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡት። አቧራው ካልተነሳ ክሩ ራሱ አቧራውን እየጎተተ ይጭራል፤ የአዲስ አበባን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከዚያ አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ በቂ ነው። ቀለም ማቃጠያ የሆነውን የኢንዱስትሪውን ማሞቂያ አታምጡብኝ፣ እሱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ፓራውልት ላይ ከሆነ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ልኩ እጃችሁ ነው፦ መዳፋችሁን አስቀምጣችሁ «ኧረ ሞቀ» ብላችሁ የምታነሱበት ድረስ። መብራት ከጠፋስ? ፎጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቃችሁ አርማው ላይ አሳርፉት፣ ሲበርድ ድገሙት። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ብቻ የፈላ ውኃ እንዳይፈስ፣ ይሰነጠቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው መኪናማ ግማሹን ሥራ ጨርሶላችኋል።

ከዚያ ክሩን ከአርማው ጀርባ አስገብታችሁ በሁለት እጅ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ። ወደ ራሳችሁ አትጎትቱ፤ ክሩ ከቀለሙ ጋር ትይዩ ይሂድ። ሲከብድ እንደገና አሙቁ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። ፊደሎች ከሆኑ አንድ በአንድ። አርማው ሲወድቅ ስፖንጩ ቀለሙ ላይ ይቀራል፣ አትደንግጡ፣ መቅረት አለበት። እሱን ሞቅ እያደረጋችሁ በአውራ ጣት ማንከባለል ነው። እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ይመጣል። ጣት ያማል፣ አውቃለሁ። ለመጨረሻው ስስ ሙጫ ትንሽ ላምባ ወይም ዘይት በለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መጥረግ። ይሄ ሲሆን ማሞቂያው ተነቅሎ፣ ላሜራው ቀዝቅዞ መሆን አለበት። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ቀላል ፖሊሽ። ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ። አምስት ደቂቃ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ነው ያላት ሰውዬ ዋሽቷታል።

ስለ ቤንዚን ለብቻው ልናገር። ሞቅ ያለ ላሜራ፣ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ማሞቂያና ቤንዚን የነካ ጨርቅ አንድ ላይ ያዩ ዓይኖቼ አሉ። ያን ቀን የተረፍነው በዕድል ነው። ቀለሙ ይቅር፣ እጃችሁንና ፊታችሁን አስቡ።

ቲነርማ ሌላ ታሪክ ነው። ቲነር የሚያፈስሱ ሰዎች አንድ ጥያቄ አይጠይቁም፦ ይቺ መኪና ከዚህ በፊት ተቀብታለች ወይ? ከተማችን ውስጥ ስንቱ መኪና ነው አንድ ጎኑ ተገጭቶ፣ ስቱኮ ገብቶበት፣ በኒትሮ የተቀባው? ኒትሮ ቀለም የሚቀጥነው በቲነር ነው፤ ከደረቀ በኋላም ያው ቲነር መልሶ ያሟሟዋል። አንድ ጊዜ ስትጠርገው ቀለሙ ከነውበቱ ጨርቅህ ላይ ይመጣል። በደንብ ያልተያያዘ ድጋሚ ቀለም ደግሞ አርማውን ስትጎትተው ከሥሩ ተገንጥሎ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ፈሳሽ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሞክሩት። ጨርቁ ቀለም ካመጣ በቃ፣ አቁሙ፣ ባለቤቱን ጥሩ።

ምላጩስ ከየት መጣ? እኔ ይሄን ብዙ አስቤበታለሁ። ከቦሎ ነው የመጣው። በየዓመቱ አሮጌውን ቦሎ ከመስታወት ላይ በምላጭ እናነሳለን፤ መስታወት ጠንካራ ነውና ይችለዋል። ያው ልጅ፣ ያው ምላጭ፣ ሁለት እርምጃ ዞር ብሎ የኋላ በር ጋ ሲደርስ ልዩነቱን የነገረው ሰው የለም። ላቫጆ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው።

እዚህ ላይ እኔም ተጠያቂ ነኝ። ኮሌጅ ሳስተምር ለብዙ ዓመት አርማ ማንሳትን በቀጭን ስፓቱላ ነበር የማሳየው። «ዝም ብላችሁ በቀስታ» እላለሁ። የምንለማመድበት ደግሞ ከአደጋ የመጣ የተጨማደደ በር ነበር። ተጫረ አልተጫረ ማን ይጠይቃል? ተማሪዎቼ ባለቤት ያለው ቀለም ነክተው ሳያውቁ ተመረቁ። ክሩን እኔ ራሴ የተማርኩት ካስተማርኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያ ልጅ ትናንት «እኔ» ብሎ ሲጽፍልኝ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ካቻቢቴውን የሰጠው ባለ ጋራዡ ቢሆንም፣ እንቢ የሚልበትን ዕውቀት ያልሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ለአንድ ጭረት ይሄ ሁሉ?» የምትሉ አላችሁ። መኪና ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «ቀለሟ ያልተነካ ነው?» ነው። ያቺ እህት ትናንት ጠዋት አዎ ማለት ትችል ነበር። ከአሁን በኋላ የኋላ በሯ ለብቻው ተቀብቷል። ገዢው ማይክሮን መለኪያ ያስጠጋል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ «ከኋላ ተገጭታለች» ይላታል። አልተገጨችም! ብትምል ማን ያምናታል? ይሄን ኪሣራ ባለ ጋራዡ ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም፤ እሱ የሚያየው የቀለሙን ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱንም ከልጁ ኪስ።

ደግሞም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለደንበኛ መነገር ያለበት ነገር አለ፣ ማንም አይናገረውም። መኪናው አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ ከመታው አርማው ሲነሳ ጥላው ይቀራል። ሥሩ ያለው ቀለም አልነጣም፣ ዙሪያው ነጥቷል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፣ ፀሐያችን ቀላል አይደለችም። ፖሊሽ ልዩነቱን ይቀንሰዋል፣ ሁልጊዜ አያጠፋውም። ሌላው እግር ያለው አርማ ነው። እሱን ካነሳችሁ ቀዳዳ ይቀራል፣ በቀዳዳው ውኃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል አይታችሁ «ቀዳዳ አለው፣ ይቅር» በሉ። ብር ይቀርባችኋል፣ ደንበኛው ግን ይመለሳል።

የፊት አርማ ላይ ደግሞ እባካችሁ። ብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ከፊት አርማቸው ጀርባ የግጭት መከላከያው ራዳር አለ። አርማው ለራዳሩ ተብሎ የተሠራ ነው። ነቅላችሁ ከገበያ የተገኘ ተመሳሳይ ብትለጥፉበት፣ ወይም ለማሳመር ጥቁር ብትቀቡት፣ ራዳሩ ሊታወር ይችላል። ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ከተማው በአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ራዳርና ካሜራ የሌለው ብርቅ እየሆነ ነው። «አርማ ብቻ ነው» የሚለው ነገር አብቅቷል።

(ቪትዙን ነቅሎ ያሪስ ለሚለጥፈው ወዳጄ፦ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ጃፓን ለራሷ ገበያ ቪትዝ ስትለው ነው የኖረችው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ግን አይቀየርም። ማንን ልታታልል ነው?)

ለባለ ጋራዡ ዛሬ ጠዋት ደውዬለት ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ከዚያ «ጋሼ፣ ልጁ ካጠፋ መክፈል አለበት፣ ካልሆነ አይማርም» አለኝ። «ካቻቢቴውን ማን ሰጠው?» አልኩት። ዝም አለ። «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው። ግማሹን እንኳ ከራሱ ቢከፍል ይሄን ጽሑፍ እዚሁ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ካልከፈለ ግን በዚያ ጋራዥ በኩል የምታልፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ገብታችሁ ሰላም በሉት፣ ስለ ክሩም ጠይቁት።

ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ ይመጣል። ግቢዬ ውስጥ አሮጌ ኮፋኖ አለኝ፣ ቀለሙ ደህና ነው፣ ሦስት አርማና አንድ ረድፍ ፊደል ለጥፌበታለሁ። መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከአምስት ሰው በላይ አልይዝም። ክር እኔ አለኝ። የፀጉር ማድረቂያው የባለቤቴ ነው፣ እንዳታቃጥሉብኝ።