የሁለት ቤት ጀግኖች በአንድ መጽሐፍ



የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣልን ከአንዲት የድሬዳዋ እናት ነው። እኚህ እናት ለልጅ ልጃቸው ከታይዋን ገበያ የደብተር ቦርሳ ገዙ። ቦርሳው ላይ ሁለት ሰዎች ተሥለዋል። አንዱ ቀይ ካባ ለብሷል። ሌላው ፊቱን በጭንብል ሸፍኗል፤ ልብሱ የሸረሪት ድር ይመስላል። ልጁ ቦርሳውን አየና ሳቀ። «አቦ እማማ፣ እነዚህ እኮ የአንድ ቤት አይደሉም!» አላቸው።

እሳቸውም ጠየቁን። «የአንድ ቤት ካልሆኑ እንዴት አንድ ቦርሳ ላይ ተቀመጡ?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። እስቲ አብረን እንየው። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባለካባው ሱፐርማን ይባላል። ለሕዝብ የቀረበው በ1938 ነው። ባለቤቱ ዲሲ የሚባል የአሜሪካ አሳታሚ ነው። ባለጭንብሉ ስፓይደርማን ይባላል። «የሸረሪት ሰው» ማለት ነው። እሱ የመጣው በ1962 ነው። ባለቤቱ ማርቭል የሚባል ሌላ አሳታሚ ነው። ሁለቱም የፈጠራ ጀግኖች ናቸው። ታሪካቸው የሚነገረው በተከታታይ ሥዕል ነው። የሚናገሩት ቃል ከራሳቸው በላይ በክብ መስመር ውስጥ ይጻፋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ኮሚክ ይባላል።

ዲሲና ማርቭል ተፎካካሪዎች ናቸው። አጠገብ ለአጠገብ እንደተከፈቱ ሁለት ሱቆች ቁጠሯቸው። አንዱ ደንበኛ ሲያገኝ ሌላው ይከፋዋል። ላም ባለቤት እንዳላት ሁሉ የፈጠራ ጀግናም ባለቤት አለው። ያለ ፈቃድ በጀግናው የነገደ ይከሰሳል።

ታዲያ በ1976 አንድ ነገር ሆነ። ሁለቱ ቤቶች ተስማምተው ሱፐርማንንና ስፓይደርማንን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አገናኟቸው። ዋጋው 2 ዶላር ነበር። የዚያን ጊዜ ተራው ኮሚክ የሚሸጠው በ25 ወይም በ30 ሳንቲም ነው። ደራሲው ጌሪ ኮንዌይ፣ ሠዓሊው ሮስ አንድሩ ይባላሉ። ሁለቱም በዲሲም በማርቭልም ቤት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። የሁለቱን ቤት ጓዳ የሚያውቅ ሰው ለሽምግልና ይመቻል አይደል?

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ማን ያሸንፍ? ሱፐርማን ቢያሸንፍ ማርቭል ይቀየማል። ስፓይደርማን ቢያሸንፍ ዲሲ ይቀየማል። መላው እንዲህ ሆነ። ሁለት ክፉ ሰዎች በተንኮል ጀግኖቹን ያጣሏቸዋል። ጀግኖቹም ይደባደባሉ። በኋላ ግን ነገሩ ይገባቸዋል። ያን ጊዜ አንድ ሆነው ክፉዎቹን ያሸንፋሉ። እርስ በርሳቸው ግን ማንም ማንንም አላሸነፈም። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ቤቶች ጥቂት መጻሕፍትን አብረው አወጡ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልተሳካም። በ1983 ጆርጅ ፔሬዝ የሚባል ሠዓሊ የሁለቱን ቤቶች የጀግና ቡድኖች የሚያገናኝ መጽሐፍ መሣል ጀመረ። ወደ 20 ገጽ ያህል ሣለ። በመሐሉ የሁለቱ ቤት ኃላፊዎች በታሪኩ ላይ መግባባት አቃታቸው። ሥራው ቆመ። ያን ሁሉ የደከመበት ወረቀት እንዲያው ቀረ። መጽሐፉ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2003 እና በ2004 ነው። በአራት ክፍል ታተመ። ደራሲው ከርት ቡሲክ ነበር። የሣለው ያው ፔሬዝ ራሱ ነው። በጎልማሳነቱ የጀመረውን ሊጨርስ ሃያ ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

በ2022 ፔሬዝ በጠና ሲታመም መጽሐፉ በ7,000 ቅጂ እንደገና ታተመ። ገቢው ለተቸገሩ የኮሚክ ሠራተኞች መርጃ ሆነ። ፔሬዝ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አረፈ። በ2025 ደግሞ ሁለቱ ቤቶች የዲሲውን ባትማንንና የማርቭሉን ዴድፑልን አገናኙ።

እንግዲህ ለእናታችን መልሳችን ይኸው ነው። ሁለት ሥዕል ቦርሳ ላይ ጎን ለጎን መለጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለቱን ባለቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን ዓመታት ይፈጃል። የሚያስቀምጣቸውም ውል ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ይሆናል። ከመጋላ አንዲት፣ ከከዚራ አንዲት ሴት ገንዘብ አዋጥተው እንጀራ ጋግረው ቢሸጡ፣ ደቻቱ አይለያቸውም። የሚለያቸው ያልተጻፈ ነገር ነው። ማን ስንት አዋጣ? ትርፉ እንዴት ይከፈላል? ባንስማማስ? ይህን ሳይጽፉ የጀመሩ ሰዎች ልፋታቸው እንደ ፔሬዝ ወረቀት መሐል መንገድ ሊቀር ይችላል።

ትናንት ውል ሲመጣ ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። እኛ አውራ ጣት እንጭን ነበር። ዛሬ ግን ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ማፈር የለም።

«ሥዕል ያለው መጽሐፍ የልጅ ነው» የሚሉም አሉ። እኛ አይመስለንም። ቃሉ ቢከብድ ሥዕሉ ያግዛል። አገራችንም ጀምበር የሚባል ጀግና አላት። ብሥራት ደበበ የጻፈው ነው። በ2018 ወጣ። በአማርኛም አለ። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ስለሚፈልግ ወጣት ነው። ብታገኙት ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት።

እስቲ እነዚህን በደብተራችሁ መልሱ፦

1. የሱፐርማን ባለቤት ማን ነው? የስፓይደርማንስ?
2. በ1976ቱ መጽሐፍ ሁለቱ ጀግኖች ለምን ተጣሉ?
3. ከጎረቤታችሁ ጋር ሥራ ብትጀምሩ ውሉ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? ሦስት መስመር ጻፉ።

ሳምንት በደኅና ያገናኘን።