ዘላን ቤት የለውም ያለው ማነው?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሽ ተራ ስንጠብቅ ስለ ቦረና ድርቅ ወሬ ተነሣና አንድ ጓደኛችን «ዘላን ድሮስ ምን ቤት ነበረውና ነው ተፈናቀለ የምትሉት?» ሲል ጠየቀ። የሣቀው ሰው ብዙ ነበር። እኔ የነገሌ ልጅ ስሆን፣ ያን ጊዜ ዝም በማለቴ ስላፈርሁ መልሱን በዚህ ጽሑፍ እሰጠዋለሁ።

የቦረና ሰው ቤት አለው። ቤቱን በእንጨትና በሣር የምትሠራው ሴቲቱ ናት። ከብቱም በሁለት ይከፈላል፤ የሚታለበው «ወራ» ተብሎ ከመንደሩ አጠገብ ይውላል፣ ደረቁ «ፎራ» ተብሎ ከወጣቶች ጋር ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳል። እንግዲህ ጕዞው በሥርዓት ነው እንጂ በዘፈቀደ አይደለም። ጥልቅ የሆኑት የቱላ ጕድጓዶችም የጎሣ ባለቤት፣ የማጠጫ ተራና ተራ አስጠባቂ አላቸው። ይህ አድራሻ ካልሆነ አድራሻ ማለት ምንድን ነው?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፤ ባለ ከብቱም በዱብሉቅና በሌሎች ከተሞች ዳር በሸራ ሥር ሰፈረ። ከዚያም በፊት፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሞያሌ በተተኰሰው ጥይት ምክንያት ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኬንያ ተሰዷል።

አርብቶ አደሩ ቤት አልባ የሚሆነው ጣሪያው ሲፈርስ አይደለም፤ ጣሪያማ ተመልሶ ይሠራል። ላሚቱ ስትሞት ነው። ሸራና ስንዴ ነፍስ ያተርፋሉ እንጂ ቤት አይመልሱም። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኖቹ ላም አዋጥተው የሚያቋቁሙበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ባንድነት ሲደኸይ ማን ለማን ያዋጣል? መንግሥትና ርዳታ ሰጪ መግባት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ላም በመተካትና የበጋውን ግጦሽ ከአጥርና ከእርሻ በመጠበቅ ነው።

«በከተማ ቢሰፍርስ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ወዶ ቢሰፍር ምንም የለበትም። ተገዶ ሲሆን ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የሰጠው፣ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ጦር ያመፀው በምግብና በውሀ ምክንያት እንደ ነበር ሁላችንም ተምረናል። የወታደሩ ጥም ታሪክ ተብሎ ሲጻፍ፣ የእረኛው ጥም በምግብ ተራ ላይ መሣቂያ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?