ጥይት የጎረቤት ግድግዳ አያውቅም



ሠርግ በተደገሰ፣ ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ውስጥ ተኩስ መስማት ለምደናል። ተኳሹ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ምንም የለም፣ ጥይቱ ይሠራ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው።» በቅርቡ አንዱ «ሙከራ» የአንዲት እናት ማድ ቤት ቆርቆሮ በስቶ ምድጃው አጠገብ ተቀብሮ ተገኘ። እሳቸው በዚያች ደቂቃ ውሃ ሊቀዱ ወጣ ብለው ነበር። «እግዜር አተረፋቸው» ተባብለን ዝም አልን። ዝምታችን ስሕተት ስለነበረ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንናገራለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፈቃድ ያለው ሰው ቤቱንና ቤተሰቡን አይጠብቅ አላልንም። የምንለው ይህን ነው፦ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ጥይትም፣ የምትሞክሩበት ቦታም የግል ጉዳያችሁ ብቻ ሊሆን አይችልም። የኛም ነው፤ የልጆቻችንም ነው።

እስቲ ከምርጫው እንጀምር። «ባለ ዘጠኝ ነው፣ ይሆናል» የሚል ሰው ሞልቷል። የትኛው ዘጠኝ? በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ ሽጉጥ የሚጎርሰው ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። በሌሎች ብዙ ሽጉጦች የሚገባው ባለ ዘጠኝ ግን ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉልበቱም ይበልጣል። የእርሳሳቸው ውፍረት እንኳ እኩል አይደለም። «ትንሽ ልዩነት ናት» ብሎ በግድ የሚያጎርስ ሰው አደጋውን በገዛ መዳፉ ይዟል። የማያውቅ ሰው ባለሙያ ይጠይቅ እንጂ በግምት አይሂድ።

ሁለተኛው የጥይቱ አያያዝ ነው። የቦንጋን ዝናብና እርጥበት ለእናንተ አንነግርም። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ያወጣ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ፣ ጎኑ የተጎደጎደ ጥይት አይሞከርም፤ ለፖሊስ ይሰጣል። እሳት ውስጥም ሽንት ቤትም አይጣልም። ይህን ለመለየት መተኮስ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል!

ሦስተኛው እርሳሱ ነው። በአገራችን በአብዛኛው በሰው እጅ ያለው ጥይት ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ እርሳሱ ብረት የለበሰ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲመታ አይከፈትም፤ በስቶ ያልፋል። በውጭ አገር ብዙ ፖሊሶች ጫፉ የተቦረቦረ፣ አካል ሲመታ ተከፍቶ ጉልበቱን እዚያው የሚጨርስ ጥይት የሚይዙት ከኋላ ላለው ሰው ጭምር በማሰብ ነው። የሚከፈት ጥይት ግን በጦርነት እንዳይሠራበት እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ስለተከለከለ የወታደር ጥይት እንዲህ አይሠራም። እንግዲህ አስቡት፤ በጨለማ ሌባ ላይ የተተኮሰው የወታደር ጥይት የጭቃውን ግድግዳ አልፎ የጎረቤት ልጅ አልጋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሌባው ከተሳተማ ምኑ ይወራል!

«ታዲያ ሳይሞከር እንዴት ይታመናል?» ይሉናል። ጥሩ፤ ሙከራ ምን እንደሆነ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ማያሚ ከተማ ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች ከወንበዴዎች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። አንዱን ወንበዴ ቀድሞ ያገኘው ጥይት ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤታቸው ጥይትን በጄላቲን ላይ እየተኮሰ መለካት ያዘ፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት ብሎ ወሰነ። ከጄላቲኑ ፊት ልብስ፣ ጣውላ፣ የመኪና መስተዋትና የቤት ግድግዳ እያስቀደመም ይሞክራል። ሙከራ ይህ ነው፤ የሚለካ፣ የሚመዘገብ፣ እርሳሱ የሚያርፍበት የታወቀ። ጓሮ ቆሞ አንድ ጊዜ ማስጮህ ምን ይለካል? ያ ጥይት መጮኹን ብቻ። ካዝናው ውስጥ ስለቀሩት አንዳች አይመሰክርም።

ከዚያም «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» ይባላል። አረ ጎበዝ! ሰማይ የተቀበለውን ይመልሳል። ዘመም ተደርጎ የተተኮሰ የሽጉጥ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የክላሽማ ከዚያም እጅግ ይርቃል። እናንተ ቀለሁን ከመሬት ስትለቅሙ እርሳሱ የማን ጣሪያ ላይ እንደወረደ ታውቃላችሁ? ለተኳሹም ቢሆን አደጋ አለው። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወዲያው ወደ ራስ አዙሮ ማየት ሞት ነው፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ቀጠን ብሎ ከወጣም እርሳሱ አፈሙዝ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለተኛ የተተኮሰ እንደሆነ መሣሪያው ይፈነዳል።

«የአባቶቻችን ልማድ ነው» የሚሉም አሉ። የየትኞቹ አባቶች? የካፋ አባቶች መንግሥታቸውን በጥልቅ ጉድጓድና በጦር ሲከላከሉ ኖረው፣ በ1889 ዓ.ም. የዘመተው ጠመንጃ የበዛለት ጦር አሸነፋቸው፤ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ባለ ጠመንጃ ሰውን እንደ ከብት እየነዳ ወሰደ። ተኩስ ወደዚህ አገር የደስታ ድምፅ ሆኖ አልመጣም! ለደስታችን ከበሮም እልልታም አለን።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝን ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። «ሳላስበው ነው» ማለት አያድንም፤ ቸልተኝነት ማለት ራሱ አለማሰብ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. በሰፈራችን በጓሮም ሆነ በደጅ፣ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ጥይት አይተኮስ።

2. መሣሪያውን መፈተሽ የሚፈልግ ባለፈቃድ ፖሊስ ጋ ሄዶ ይጠይቅ፤ በሚፈቀድለት ቦታ ብቻ ያድርገው።

3. ጥይት ከመሣሪያው ተለይቶ፣ ከእሳትና ከልጆች እጅ ርቆ፣ በደረቅ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

4. ደጋሽ ሁሉ እንግዶቹን አስቀድሞ ያስጠንቅቅ። ድንኳን የምናበድረው ለደስታና ለሐዘን እንጂ ለተኩስ አይደለም።

የእድራችን ሥራ የሞተውን መቅበር ነው፤ አላቃለልነውም። ግን በጎረቤቱ «ሙከራ» የሞተን ሰው ለመቅበር መዋጮ ማውጣት አንፈልግም።